«ሽንኩርቱ ነው»

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁም እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ርዕሱ ሽንኩርት ነው። «ደግሞ ስለ ሽንኩርት ዋጋ?» እንዳትሉኝ። ስለ ዋጋው እኔም ብዙ ጽፌ ሰልችቶኛል። የዛሬው ስለ መክተፍና ስለ ማቁላላት ነው።

በ2015 ዓ.ም. አንድ ኪሎ ሽንኩርት 100 ብር ሲያልፍ ዜናውን ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሄጄ ከጅምላ ነጋዴ ጋር አወራሁ፣ ደላላ ጠየቅሁ፣ የጆንያ ክምር ፎቶ አነሳሁ። ምክንያቶቹንም ዘረዘርኩ። ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ፣ ከፎገራ፣ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ዝናብና በሽታ ምርቱን ይመቱታል። ገበሬው ሁሉ በአንድ ሰሞን ሲያነሳ ደግሞ ዋጋው ወርዶ የለቀማ ጉልበት እንኳ አይመልስም። ሽንኩርት 90 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ ያለ ደህና ማከማቻ አይቆይም፤ ስለዚህ አንዱ ሰሞን ሜዳ ላይ ይበሰብሳል፣ ሌላው ሰሞን በግራም ይሸጣል። በመካከል ደላላው አለ፣ ነዳጁ አለ፣ ኬላው አለ።

ዘገባው መጥፎ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ነበር። ያንን ሁሉ ስጽፍ 30 ዓመት አልፎኝ፣ ዲግሪ ይዤ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት በወጉ ከትፌ አላውቅም።

ማታ ቤት ስገባ ለእማዬ አነበብኩላት። «አንብብልኝ እስቲ፣ መነጽሬ የት እንደገባ እንጃ» ብላኝ ነው። ጨርሼ አስተያየት ስጠብቅ፣

«ጥሩ ነው፤ ለመሆኑ ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይገባል?» አለችኝ።

«አንድ ኪሎ?»

እስክትደክም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያኔ የሳቅንበት ነገር በኋላ እንዴት እንደሚቆጠቁጠኝ አላወቅሁም።

በእኛ ቤት ለአንድ ዶሮ የሚገባው ሦስት ኪሎ ነው። ሁለት የሚያደርግ ቤት አለ፣ አራት የሚያደርግም አለ። በብዙ አገር ምግብ ሽንኩርት ማጣፈጫ ነው፤ አንድ ራስ ይከተፋል፣ ጠበስ ይደረጋል፣ ዋናው ነገር ከላዩ ይመጣል። በእኛ ወጥ ግን ሽንኩርቱ ራሱ ወጡ ነው። ወጣችን በዱቄት አይወፍርም፤ ገላውን የሚሰጠው በደረቁ ቁላልቶ፣ ሟሙቶ፣ ከበርበሬ ጋር ተዋህዶ ቁሌት የሆነው ሽንኩርት ነው። ዶሮ፣ ሥጋም ሆነ ምስር የሚመጣው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሽንኩርት ሲወደድ የተወደደው አንድ አትክልት አይደለም፤ የገበታው መሠረት ነው።

ታዲያ በዚያ ሰሞን በየቤቱ የሆነውን አስታውሱ። ወጥ መሥራት ያቆመ ቤት ነበር? አልነበረም። ኪሎው ግማሽ ኪሎ ሆነ። ግማሽ ኪሎው በመደብ የሚሸጥ አራት ፍሬ ሆነ። የጎደለውን ድንች ሸፈነው፣ ድልህ ሸፈነው፣ ውሃ ሸፈነው። ሽሮ ያለ ሽንኩርት ተሠራ። ይህን ሁሉ የወሰነና ቀጭኑን ወጥ ወፍራም ያስመሰለ ሰው አለ። የእኛ ዘገባ የኪሎውን ዋጋ ይይዛል፤ የዋጋ ግሽበት መለኪያውም የኪሎውን ዋጋ ይይዛል። ያንን ሰው ግን አንዳችንም አንይዘውም።

እኔ በበኩሌ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስጽፍ በዋልኩበት ቀን ማታ እንጀራዬ ላይ የወጣውን ወጥ አይቼ «ዛሬ ቀጠን አላለም?» ብያለሁ። እማዬ ምንም አልመለሰችም።

አሁን ወደ ዓይኗ ልምጣ።

እማዬ ከሁለት ዓመት በላይ ዓይኗን ስትጠርግ አያታለሁ። ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ሽንኩርቱ ነው።» መልሱ ደግሞ የሚያሳምን ነው። ሽንኩርት ያስለቅሳላ! አልጠረጠርኩም፣ አልመረመርኩም። በሥራዬ የአንድ ባለሥልጣን መግለጫ ሲደርሰኝ ሁለት ሦስት ምንጭ ካልጠየቅሁ አላምንም። የእናቴን መግለጫ ግን እንዳለ ተቀበልኩት።

ምልክቱ ደግሞ ሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ወጥ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ አገኘሁና ቀልጄ አለፍኩ። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን በእጇ መያዝ ጀመረች፤ ጉልበቷ መስሎኝ ነበር። ስልክ ስትደውል «ቁጥሩን አንተ ንካልኝ» ትለኛለች፤ ስማርት ስልክ አልሆንላት ብሏት ነው አልኩ። በመጨረሻ የነቃችው አብራን የምትኖረው ሳትሆን ዱባይ ያለችው እህቴ ናት። አንድ እሑድ በኢሞ እያወራን «እማዬ ለምንድን ነው እኔን ሳይሆን ግድግዳውን የምታየው?» አለችኝ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በስልክ ያየውን እኔ አንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ አላየሁም።

ሐኪሙ ብዙ አልፈጀበትም። የዓይን ሞራ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ፣ ቀኙ የባሰ። ሽንኩርት ከዚህ ነገር የለበትም። ሽንኩርት የሚያስለቅሰው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የዓይን ሞራ ግን ቀስ በቀስ እንደ ጉም የሚወርድ ነው። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋነኛው መንስኤ ይኸው ነው። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውር ከሆነው ሰው ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። የሚያናድደው ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጠየቅኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያንተ ሥራ አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም» አለችኝ፤ የፍሪላንስን ሥራ ከዚህ አሳጥሮ የገለጸው የለም። «ሽንኩርቱ ብቻ ስንት እንደገባ አንተው ጽፈህ የለ? በዚያ ላይ የዓይን ልጨምርብህ?»

የጻፍኩትን ዘገባ እንደዚህ በጥሞና የሰማው ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቀኙ ዓይኗ በሁዳዴ መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ለተወሰኑ ሳምንታት ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ሽንኩርት መክተፍ የለም። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ጎረቤታችን «የእናንተንም እኔው እሠራዋለሁ» አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግን የራሳቸው ቤት ሦስት ዶሮ ይጠብቃቸው ነበር። ዘንድሮ ይቅር ማለትም ይቻል ነበር። እማዬ ግን ባዶ ገበታ ላይ ጾም ልትፈታ እንደማትችል ከፊቷ ያስታውቃል።

«እኔ እሠራለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ «በል እንግዲህ ሽንኩርት ስትገዛ አንገቱን እያየህ ግዛ» አለች። ትምህርቱ በዚህ ተጀመረ።

አንገቱ ማለት ቅጠሉ የነበረበት ጫፍ ነው። ደርቆ የተኮማተረ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ወይም አረንጓዴ ቡቃያ ካወጣ ተወው። ትንሿ የሐበሻ ሽንኩርት ጣዕሟ የበረታ ነው፤ ግን ለሦስት ኪሎ ስትላጥ ይመሻል። ስለዚህ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ ሲያነሱት ከበድ የሚል። ትልልቁ ለመላጥ ይቀላል፤ ውሃው ግን ብዙ ነው፣ ድስት ላይ ያቆምሃል። እኔ ስንት ዓመት ስለ ሽንኩርት ስጽፍ «ሽንኩርት» አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቅዳም ሥዑር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሦስት ኪሎው ስቆጥረው 31 ራስ ሆነ። እማዬ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ሳሎን ተቀምጣለች። የኩሽናው መስኮት ተከፍቷል፣ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ሦስተኛው ራስ ላይ ስደርስ አይታየኝም ነበር፤ እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬም ተባበረው።

«ቢላውን ሳልከው?» አለችኝ ከውስጥ።

«አልሳልኩትም።»

«ዱልዱም ቢላ ያስለቅሳል፤ ሳለውና ጀምር። የላጥከውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣለው። ሥሩን መጨረሻ ላይ ቁረጠው። በእጅህ ዓይንህን እንዳትነካ!»

በኋላ አንብቤ እንዳገኘሁት አንዱም ተረት አይደለም። ሽንኩርት ሳይቆረጥ አያስለቅስም። ሲቆረጥ ግን ሕዋሱ ይፈነዳል፤ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩት ኢንዛይምና የሰልፈር ውህድ ይገናኛሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ዓይን ላይ ሲደርስ ዓይን ራሱን ለማጠብ እንባ ያፈልቃል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ጋዝ የሚሠራው ለብቻው የሆነ ኢንዛይም መሆኑን በ2002 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ አሳተሙ። ዱልዱም ቢላ ሕዋሱን ይጨፈልቀዋል፣ ብዙ ጋዝ ያስወጣል፤ የተሳለ ቢላ ጥቂቱን ቆርጦ ያልፋል። ቅዝቃዜ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። እማዬ ኢንዛይም የሚለውን ቃል አታውቀውም፤ ሥራውን ግን ታውቀዋለች።

አሥረኛው ላይ ተስፋ ቆርጬ «በጁስ መፍጫው ልፍጨው?» አልኳት። የቁጣዋን ድምፅ ከነቃሉ አልጽፈውም። ፍሬ ነገሩ ግን፣ የተፈጨ ሽንኩርት ውሃ ሆኖ አረፋ ይደፍቃል፣ ይመራል፣ ቁላልቶም ለዛ አያወጣም የሚል ነው። በእጅ መከተፍ አለበት፤ ደቆ፣ እኩል። እኩል ካልሆነ ትንሹ ያርራል፣ ትልቁ ጉብ ጉብ እንዳለ ይቀራል።

መላጥና መክተፉ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወሰደብኝ። ሰዓቱን የያዝኩት ከልምድ ነው፤ ጋዜጠኛ ቁጥር ይወዳል።

ከዚያ ማቁላላቱ። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፤ ድስትና ሽንኩርት ብቻ። መጀመሪያ «ሽሽሽ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ የራሱን ውሃ ይለቅና ቡልቅ ቡልቅ ማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ውሃው እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽንኩርቱ እንዲቀላና ስኳሩ እንዲጣፍጥ ግን ከዚያ በጣም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ያ 90 በመቶ ውሃ አብዛኛው ተንኖ መሄድ አለበት። አቋራጭ የለውም። እሳቱን ጨምሬ ላፈጥነው ስል ከሥር ይይዛል፤ ከሥር ከያዘ ደግሞ ምሬቱ በምንም አይወጣም። እስከ አፉ የሞላው ድስት እየጎደለ እየጎደለ ከሥሩ ጥቂት ላይ ይቀራል።

አንድ ሰዓት ሲያልፍ እጄ ዛለ። ማማሰያውን ይዤ በግራ እጄ ስልኬን ከፈት አደረግሁ፤ ለግማሽ ደቂቃ ያህል።

«ያዘብህ!» አለች እማዬ ከሳሎን። «ውሃ ጠብ አድርግበት!»

ድስቱን አየሁ። ምንም አይታይም። ማማሰያውን ወደ ሥር ስሰደው ግን ሊይዝ ጀምሯል። ውሃ ጠብ አደረግሁ፣ ጮኸና ለቀቀ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግማ «አሁንም» አለች። እውነቷን ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

«ድምፁ ይለወጣል እኮ። ውሃ ሲኖረው ያጉረመርማል፣ ውሃው ሲያልቅ ጥጥ ጥጥ ይላል። ከዚያ በፊት ግን ጭጭ የሚልባት ጊዜ አለች። ጭጭ ሲል ነው የሚያዘው።»

«እኔ ግን በቀለሙ ነው የምከታተለው።»

«እኔም ድሮ በቀለሙ ነበር» አለችኝ። «ቀለሙን ካየሁት ግን ሁለት ፋሲካ አለፈኝ።»

ማማሰያውን ይዤ እዚያው ቀረሁ። ሁለት ፋሲካ፣ በመካከሉም ገና፣ ዘመን መለወጫ፣ በየሳምንቱ የሚሠራው ወጥ ሁሉ። ያንን ሁሉ የሠራችው በጆሮዋ ነው። ወጡ ስላልተበላሸ እኔ ምንም አላወቅሁም። ቢበላሽ ኖሮ አውቅ ነበር። የቤት ሥራ ዕጣው ይኼ ነው፤ በደንብ ከተሠራ አይታይም፣ የሚሠራው ሰውም አብሮ አይታይም።

የቀረውን አላረዝመውም። በርበሬው ገባ፣ ከውሃ ጋር እየታሸ ደግሞ ሌላ ረጅም ሰዓት። ከዚያ ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ። 12 ብልት ሆኖ በሎሚና በጨው የታጠበው ዶሮ፣ መጨረሻ ላይ መከለሻው፣ እንቁላሉ። ጨው በዝቶ እንደሆነ መቅመስ አይቻልም፤ ጾም ነው። ለካ የፋሲካ ዶሮ ወጥ በአገሩ ሁሉ ሳይቀመስ የሚሠራ ምግብ ነው! የዓመቱን ትልቁን ምግብ እናቶቻችን የሚሠሩት በሽታና በድምፅ ነው። ይህንንም እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሌሊት ነው። ገበታው ቀረበ። እማዬ ጥቁር መነጽሯን አወለቀችና ድስቱ ላይ ጎንበስ ልትል ስትል «ማጎንበስ የለም!» ብዬ ድስቱን ወደ እሷ አነሳሁላት። በጨለማ ሳይሆን በደህና መብራት፣ ደህና በሆነው ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«በርበሬው እንዲህ ቀይ ነበር እንዴ?» አለች።

ከዚያ ቀመሰችና ፍርዷን ሰጠች። «ሽንኩርቱ ጉብ ጉብ ብሏል። ጨው አንሶታል። ግን ወጥ ነው።» ከተመረቅሁ ወዲህ ያገኘሁት ትልቁ ምስክር ወረቀት ይኼ ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህን የጻፍኩት «ወንዶች ሆይ ኩሽና ግቡ» ለማለት ብቻ አይደለም፤ እሱም ግን ይደር የማይባል ነው። የሙያ ንስሐም አለበት። ስለ ኑሮ ውድነት ስንዘግብ ማይክሮፎኑን ለነጋዴው፣ ለደላላው፣ ለባለሥልጣኑ እንደግናለን፤ ቢበዛ ገበያ መካከል አንዲት እናት አስቁመን «እንዴት ነው ዋጋው?» እንላለን። «ተወዷል» ትላለች፤ እናመሰግናለን። ቤት ገብታ ያንን ግማሽ ኪሎ ምን እንደምታደርገው፣ ከማን ድርሻ እንደምትቀንስ፣ ለራሷ የትኛውን ወጪ እንደተወች አንጠይቅም። የእማዬ ዓይን የተተወ ወጪ ነበር። በየትኛውም የግሽበት ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

መፍትሔ ከጠየቃችሁኝ፣ የሽንኩርት ማከማቻ ይሠራ፣ ገበሬውና ሸማቹ በቀጥታ ይገናኙ፣ የእሑድ ገበያው ይበርክት እላለሁ፤ ከዚህ በፊትም ብያለሁ። ከዚህኛው ጽሑፍ የምለምናችሁ ግን ዛሬ ማታ የምታደርጉትን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቢላ ስላችሁ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ክተፉ፤ ሰዓት ያዙ። ሁለተኛ፣ እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ባለቤታችሁ ዓይኗን እየጠረገች «ሽንኩርቱ ነው» ስትላችሁ፣ ሽንኩርቱ መሆኑን አረጋግጡ።

የእማዬ ግራ ዓይን ገና ተራውን እየጠበቀ ነው። እስከዚያ የሽንኩርቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። ሰዓቴን ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ አውርጄዋለሁ፤ ጉብ ጉቡ ግን አሁንም አለ።

በእናንተ ቤት ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ይገባል? ከሥር ጻፉልኝ። ካላወቃችሁት ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ኩሽና ገብታችሁ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።